ለዓሣ የተጣለ መንጠቆ ወፍ ሲይዝ፤ ከደሴ ፒያሳ እስከ ሐይቅ

መንጠቆ ዐይን የለውም። ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶ ወይም አምባዛ አስቦ ይጥለዋል እንጂ መንጠቆው የሚይዘውን ሊመርጥለት አይችልም። ስለዚህም ዓሣ ሲጠበቅ ኤሊ ይወጣል፤ ወፍ ይያዛል፤ በአንዳንድ ሐይቅ ደግሞ ጉማሬ ብቅ ይላል። ይህ ነገር በወሬ ሲሰሙት የሚያስቅ ነው፤ በቅርብ ለተመለከተው ግን የሰውን ጠባይ የሚፈትን ሆኖ ይገኛል። ስለዚሁ ጉዳይ በወሎ ምድር ያየነውን፥ ከሌላም ስፍራ ያወቅነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችንና ለቤተ ሰቦቻቸው እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ደሴ የሄደ ሰው ሁሉ ፒያሳን ያውቃል። ስሙ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሆኖ ትርጓሜው አደባባይ ማለት ነው። የጦሳ ተራራ ከበላይ ቆሞ የሚመለከተው ይህ ስፍራ ሱቁ፥ ሻይ ቤቱ፥ መንገደኛውና ሸክሙ የሚገናኙበት ነው። ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጒዞ ኮምቦልቻ ያደርሳል፤ ወደ ሰሜን የሚሄደው ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከተሁለደሬ ወረዳ ከሐይቅ ከተማ ያገባል። እኛም ባለፈው ጥር ወር አንድ ወዳጃችንን ከነልጆቹ አስከትለን ለዓሣ ማጥመድ ስንነሣ፥ የናይሎን ክሩንና መንጠቆውን የገዛነው ከዚሁ ከፒያሳ ነው። ባለሱቁ ዕቃውን ሲጠቀልልልን፥ «ፒንሳም ያዙ፤ ሳያስፈልጋችሁ አይቀርም» አለን። ምክሩን ተቀብለን ፒንሳ ጨመርንበት፤ በኋላም ምክሩ ከዕቃው ሁሉ የበለጠ ዋጋ እንዳለው ተረዳን።

የሐይቅ ውኃ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተራሮች ተከቦ ይገኛል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱም በመካከሉ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከጐረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ አንከርካ የሚባለው ወንዝ ወደ እርሱ ይገባል፤ ከእርሱ ግን በግልጥ የሚወጣ ወንዝ የለም። ወደ ውኃው ዘልቆ በገባው ምድር ላይ የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይታያል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ይህ ገዳም የወንዶች ገዳም ስለ ሆነ፥ ከቤተ ሰብ ጋራ የሚሄድ ሰው ሴቶቹ በውኃው ዳር የሚቈዩበትን ስፍራ አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባዋል።

ዛሬ ደሴ ላይ የሚበላው የሐይቅ ቆሮሶ ከጥንት ጀምሮ በዚያ የኖረ አይደለም። ዓሣው ከሌላ ውኃ ተወስዶ ወደ ሐይቁ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ተባዝቶ ለአጥማጆች እንጀራ ሆኗል፤ በጾም ወራትም ገበያው ይደራል። ነገር ግን ዓሣ ባለበት ሁሉ ከሰው አስቀድሞ የሚነሣ ሌላ አጥማጅ አለ፤ ይኸውም ወፍ ነው። በማለዳ ከውኃው ዳር ስንደርስ ያየነው ይህንኑ ነው። አንዱ ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ ባንድ ስፍራ ቆሞ ይጠብቅና እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ረዣዥም እግር ያላቸው ሽመሎች በቄጠማው ውስጥ ሳይነቃነቁ ይቆማሉ። ፈረንጆች ኮርሞራን የሚሉት ጥቁር ወፍ ደግሞ ጠልቆ ይዋኛል፤ ላባው ውኃ ስለሚጠጣ ከወጣ በኋላ በድንጋይ ላይ ቆሞ ክንፎቹን እንደ ተሰጣ ልብስ ዘርግቶ ያደርቃል። በበጋውም ወራት ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው ወደ አገራችን ውኃዎች የሚመጡ እንግዶች ይጨመሩበታል። እንግዲህ ሰውም ወፍም ያንኑ ዓሣ በያንኑ ሰዓት የሚፈልጉ ከሆነ መገናኘታቸው የማይቀር ነው።

የእኛም መገናኘት ብዙ አልቈየም። ወዳጃችን መንጠቆውን ጥሎ ጥቂት እንደ ተቀመጠ ክሩ በኃይል ተሳበ። «ትልቅ አምባዛ ነው!» ብሎ ልጆቹን ጠራ። ከውኃው የወጣው ግን አምባዛ ሳይሆን ጥቁር ወፍ ነበር። በመንጠቆው ላይ የነበረውን ትንሽ ዓሣ ከውኃ በታች አግኝቶ ሲውጥ መንጠቆው በአፉ ጥግ ተተክሎበታል፤ ሲታገልም ክሩ በግራ ክንፉ ዙሪያ ተጠምጥሟል። ልጆቹ ጮኹ። ወዳጃችንም ደንግጦ ክሩን ሊበጥስ ቢላዋ አወጣ።

በአጠገባችን መረብ ይጠግኑ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ይህን አይተው እጃቸውን አነሡ።

«ጌታው፥ ክሩን አይበጥሱት» አሉ። «በጥሰው ቢለቁት ገድለው ለቀቁት ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፥ አባቴ?»

«አብሽሩ። ላላ አድርገው ይያዙት፤ ቀስ እያሉ ያምጡት። ነጠላ ያለው ሰው ወዲህ ይምጣ።»

የወዳጃችን ታላቂቱ ልጅ ነጠላዋን ሰጠች። ሽማግሌው ወፉን ከነክንፉ በነጠላው ሸፈኑት፤ ዐይኑም በተሸፈነ ጊዜ ወዲያው ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ መንጠቆውን ወደ ኋላ አልሳቡትም። ጫፉን ወደ ፊት ገፍተው በቆዳው በኩል አሳለፉትና ወደ ኋላ የተመለሰውን እሾህ በፒንሳው ቈረጡት፤ የቀረውም ያለ ሥቃይ ተንሸራትቶ ወጣ። በክንፉ ላይ የተጠመጠመውን ክር አንድ ሳያስቀሩ ፈቱ። ነጠላው ሲገለጥ ወፉ ጥቂት ተንገዳግዶ ወደ ውኃው ገባ፤ ርቆም ከሄደ በኋላ በድንጋይ ላይ ወጥቶ ክንፉን ዘረጋ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ሽማግሌው ግን ወደ መረባቸው ተመልሰው ነበር።

ከዚህ በኋላ ታናሹ ልጅ በቄጠማው ዳር ሲመላለስ አንድ ነገር አግኝቶ ጠራን። ሽመላ መሰል ወፍ ነበር፤ ከሞተ ሰንብቷል። ሁለቱ እግሮቹ በናይሎን ክር ተቈራኝተው ክሩ ደግሞ በቄጠማው ሥር ታስሯል። ማን እንደ ጣለው አይታወቅም። ወፉ ለመብረር ሲታገል ክሩ እየጠበቀ ሥጋውን ቈርጦታል፤ በመጨረሻም በረኃብ ሞቷል። ልጁ «ይህንንስ ለምን አልፈቱትም?» ብሎ ጠየቀ። መልስ ልንሰጠው አልቻልንም፤ የሽማግሌውን ቃል ግን በሚገባ አስተዋልነው። የተያዘውን ወፍ የሚያየው ሰው አለ፤ ተበጥሶ የቀረውን ክር ግን የሚያየው የለም።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማቸው ሊያደርጉት የሚገባውን በአጭሩ እንገልጣለን።

አንደኛ፥ ክሩን አለመበጠስ፤ በኃይልም አለመጐተት። ወፉን በዝግታ አቅርቦ በጨርቅ መሸፈን።

ሁለተኛ፥ ራሱን መያዝ። ሽመላና የሽመላ ወገን የሆነ ወፍ በመንቈሩ ወደ ሰው ዐይን ስለሚወጋ፥ ልጆች ፊታቸውን እንዳያስጠጉ ማድረግ ያሻል።

ሦስተኛ፥ ፔሊካንና ኮርሞራን ሲያዙ አፋቸውን ጨርሶ አለመዝጋት። እነዚህ ወፎች የአፍንጫቸው ቀዳዳ በውጭ ስለ ተደፈነ የሚተነፍሱት በአፋቸው ነው። መንቈራቸውን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ሊያድን አስቦ አንቆ ይገድላቸዋል።

አራተኛ፥ መንጠቆው ወደ ሆድ ተውጦ እንደ ሆነ ለማውጣት አለመሞከር፤ ከተቻለ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ።

አምስተኛ፥ ከመልቀቅ በፊት በክንፉና በእግሩ ላይ ክር አለመቅረቱን ሁለት ጊዜ ማየት።

በሌሎች የአገራችን ውኃዎች ደግሞ መገናኘቱ ሌላ መልክ አለው። በሐዋሳ ሐይቅ፥ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፥ አባ ኮዳ የሚባለው ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ከአጥማጆቹ እግር ሥር ቆሞ የተጣለውን አንጀትና ራስ ይለቅማል፤ እዚያ ወፉ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተ ሰብ ነው። በጣና በታንኳ የሚወጣ አጥማጅ የሚጠነቀቀው ለጉማሬ ነው። ጉማሬ ሥጋ በል አይደለም፤ ነገር ግን መንገዱ የተዘጋበት ወይም ግልገሉ የተነካበት ሲመስለው ታንኳ ይገለብጣል። በአርባ ምንጭ አጠገብ በጫሞ ሐይቅ ደግሞ አዞ በመረቡ ውስጥ ያለውን ዓሣ ተከትሎ ይመጣል፤ መረቡንም ይቀዳድዳል። በነዚህ ስፍራዎች ብልህ አጥማጅ ስፍራውን ለባለቤቱ ለቅቆ ይሄዳል እንጂ አይታገልም።

ከመንጠቆ ይልቅ የማይመርጥ ሌላ ነገርም አለ። በአንዳንድ አገር የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣን የማደንዘዝ የቆየ ልማድ አለ። ይህ መርዝ ታላቁንም ታናሹንም ዓሣ አብሮ ስለሚፈጅ፥ ከዚያ ውኃ ዓሣ ለቅሞ የሚኖረው ወፍ ሁሉ ምግቡን ያጣል። መንግሥትም የዓሣ ሀብት በሥርዐት እንዲጠበቅ በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 315ን አውጥቷል።

የቀድሞ ሰዎች የማጥመጃ ክር ከጥጥ፥ ከሐር ወይም ከፈረስ ጭራ የሚሠራ ስለ ነበረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይበሰብስ ነበር። ናይሎን ግን በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከተገኘ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ናይሎን ቀጭን ነው፤ ጠንካራ ነው፤ በውኃ ውስጥ አይታይም፤ በቶሎም አይበሰብስም። ለአጥማጁ የጠቀመው ይኸው ጠባይ ለወፉ ጥፋት ሆነ። ወፎች የተጣለውን ክር ለቅመው ጐጆ ሲሠሩበት ጫጩቶቹ በተወለዱበት ቤት ታስረው ይቀራሉ። እርሳሱም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር ስዋን የሚባሉት ነጫጭ ታላላቅ የውኃ ወፎች አጥማጆች የጣሉትን እርሳስ ከጠጠር ጋራ እየዋጡ በብዛት ስለ ሞቱ፥ በ1987 እ.ኤ.አ. አብዛኛው የማጥመጃ እርሳስ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ከዚያም በኋላ የወፎቹ ቍጥር እንደ ገና ጨመረ። ይህም ሰው ጥቂት ልማዱን ቢለውጥ ብዙ ሕይወት እንደሚተርፍ ያስረዳል።

ይህ ጉዳይ ሐይቅ ዳር የሚሄዱትን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል እናሳስባለን። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ያልፋል፤ ከዚያም በብዙ ወፎች ወደ ታወቀው ወደ ጨፋ ረግረግ ወርዶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በፒያሳ ቦይ ውስጥ የተጣለ ክርና ላስቲክ በክረምት ጐርፍ ተጠርጎ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከተማ የሚጥለውን ረግረግ ይቀበለዋል።

ስለዚህ በሐይቅና በአርዲቦ ዳር፥ አጥማጆች በሚወጡበት ስፍራ ሁሉ፥ የተበጠሰ ክር የሚጣልበት አንድ ሣጥን ቢቆም ሥራው ቀላል፥ ወጪው ጥቂት ነው፤ የወረዳው ሹማምንት ቢያስቡበት መልካም ይመስለናል። አባቶችና እናቶች ደግሞ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ውኃ ሲሄዱ መንጠቆ መጣልን ብቻ ሳይሆን የጣሉትን መሰብሰብንም ያስተምሯቸው። ዓሣ መያዝ የዕድል ነገር ነው፤ ያላሰቡትን የያዙ እንደ ሆነ ግን ፈትቶ መልቀቅ የምግባር ነገር ነው። ከዓሣ ማጥመድ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አያፍርም፤ ሊያፍር የሚገባው ክሩን በቄጠማ ውስጥ ትቶ የተመለሰ ሰው ነው።