ስንት ፈረስ ጉልበት ይችላል?

ሙስካት፣ መዓቢላ ባለው ጋራዣችን ሞተር ሊያስቀይር የሚመጣ ወጣት ሁሉ ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ኦማኒውም፣ ፓኪስታኒውም፣ አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው የእኛው ሐበሻም «ሺህ ፈረስ ይችላል ወይ?» ነው የሚለው። ኪስህ ከቻለ ካምቢዮውም ይችላል፤ ውስጡን አጠንክረው የሚሠሩ ሰዎች ሞልተዋል። ለምን ያህል ጊዜ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ ምን ዓይነት መንገድ ላይ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገጥመኝም። ዛሬ ነገሩን ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሙስካትን ያላየ ሰው ሙቀት ስል የአዋሽን ወይም የድሬዳዋን ያስብ ይሆናል። ቁረያት የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች፣ እዚሁ ሙስካት ግዛት ውስጥ። በጁን 2018 ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቷ ከ42.6 ዲግሪ ሳይወርድ ዋለ፣ አደረ። ከቀኑ ሁሉ ቀዝቃዛው ሰዓት ማለት ነው 42.6! እስከዚያ ድረስ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የሌሊት ሙቀት አልተመዘገበም ተብሎ በየአገሩ ተወራ። የካምቢዮ ዘይት በመጨረሻ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩ ራሱ እንዲህ ሲሆን ዘይቱ ሙቀቱን የሚያራግፍበት ቦታ ያጣል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ ሙቀት ማምረት ሥራው ነው። በማኑዋል መኪና ፍሪሲዮን ባለበት ቦታ አውቶማቲኩ ቶርክ ኮንቨርተር አለው። ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንደኛው በንፋሱ ሌላኛውን ሲያዞረው አስቡት፤ እዚህ ንፋሱን የሚተካው ዘይት ነው። የሞተሩ ማራገቢያ እየዞረ የጎማው ከቆመ፣ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት በሙሉ ዘይቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዘይቱን የሚያሞቀው ፍጥነት ብቻ አይደለም። ከቦሸር ወደ አሜራት በሚያሻግረው ዐቀበት ላይ ቀስ እያሉ መውጣት፣ የቦሸር አሸዋ ላይ ጎማው ሰምጦ ነዳጅ መርገጥ፣ ድሪፍት ሜዳ ላይ ተራ መጠበቅ፣ እነዚህ ናቸው ካምቢዮ የሚያቃጥሉት። መካኒኮች ከድሮ ጀምሮ የሚይዙት ግምት አለ፤ ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ካለፈ በኋላ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ግምት ነው፣ ግን ጥቁር ዘይት እየደፋ የኖረ ሰው አይከራከርበትም።

አሁን በእጃችን ያለው መኪና ኒሳን 350ዜድ ነው። ባለቤቱ የሲብ ልጅ ነው፤ የራሱን ሞተር አውጥቶ ከሸቭሮሌት ሉሚና ኤስኤስ የተፈታ 6.0 ሊትር ቪ8 አስገብቶበታል። ሉሚናን ለማታውቋት፣ የአውስትራሊያዋ ሆልደን ኮሞዶር ናት፤ ለባሕረ ሰላጤ አገሮች የሸቭሮሌት ምልክት ተለጥፎላት ተሸጠች። ሆልደን አውስትራሊያ ውስጥ መኪና መገጣጠም ያቆመው በ2017 ነው። ሞተሮቹ ግን ዛሬም ከወዲ ከቢር እስከ ሻርጃ የአሮጌ ዕቃ ግቢዎች ይገኛሉ። 530 ኒውተን ሜትር ገደማ ቶርክ አለው፤ ልጁ ቱርቦ ጨምሮ ከ800 በላይ ማድረስ ይፈልጋል። ድሪፍት ይወዳል፤ ግን መኪናዋን ሥራ ይሄድባታል፣ ዓርብ ዓርብ ሱር ድረስ ይነዳታል። ለእኔ ከፈረስ ጉልበቱ ይልቅ ይህ የመጨረሻው ነገር ነው ቁም ነገሩ።

መጀመሪያ ሌላ ጋራዥ 4ኤል60ኢ የሚባል ካምቢዮ ገጥሞለት ነበር። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ አንደኛ ማርሹ 3.06 ስለሆነ መኪናውን ከቆመበት ይወነጭፈዋል። ጉዳቱም የታወቀ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ማርሽን የሚይዙት የፍሪሲዮን ዲስኮች ቀድመው ይቃጠላሉ፤ ከሁለት ወደ ሦስት ሲገባ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ከዚያ የፀሐይ ማርሹ ቅርፊት ይሰበርና ሁለተኛ፣ አራተኛና የኋላ ማርሽ አብረው ይጠፋሉ። የዚህ ልጅ ሁለቱንም አየ። በመጀመሪያው ኃይለኛ በጋ።

ታዲያ ምን እናስገባ?

ሽማግሌው ቲኤች400 ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1964 ያወጣው፣ ሦስት ማርሽ ብቻ ያለው፣ ኮምፒውተር የማያውቅ ካምቢዮ። የሄደበት ቦታ ያስገርማል። ሮልስሮይስ ሲልቨር ሻዶው ውስጥ ገባ፣ ጃጓር ውስጥ ገባ፤ ፌራሪ በ1976 የመጀመሪያውን አውቶማቲክ መኪናውን ፌራሪ 400ን ሲያወጣ የራሱን ካምቢዮ ከመሥራት ይልቅ ይህንን ከአሜሪካ ገዛ። የአሜሪካ ጦር ሃምቪ ላይም መጀመሪያ የነበረው የእሱ ዘር ነው። ባለጸጋውም ወታደሩም የመረጡት በአንድ ምክንያት ነው፤ ውስጡ ያሉት ዕቃዎች ጥቂትና ወፍራም ናቸው። ክብደቱም 60 ኪሎ ገደማ ብቻ። ለድራግ፣ ለአሸዋ ዳገት ውድድር፣ በትሬለር ተጭኖ ለሚሄድና ተወዳድሮ በትሬለር ለሚመለስ መኪና እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እሱን ነው የምመርጠው።

መንገድ ላይ ግን ሂሳቡን እንሥራ። የሙስካት ኤክስፕረስዌይ ወሰን 120 ነው። የ350ዜድ ዲፈረንሻል 3.54 ነው፤ በፋብሪካ ጎማው በ120 ሲነዳ ጎማው በደቂቃ 940 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ቲኤች400 ሦስተኛ ማርሹ አንድ ለአንድ ስለሆነ ሞተሩ 3,300 ይዞራል፤ ኮንቨርተሩ የሚቆለፍበት ክላች ስለሌለው በመንሸራተቱ ምክንያት ከዚያም ይበልጣል። እስከ ሱር ድረስ እንዲህ እየጮኸ፣ ነዳጅ እየጠጣ፣ ዘይቱም ሳያርፍ። ዐርባ አምስት ዲግሪ ውስጥ።

4ኤል80ኢ የተወለደው ከዚሁ ሽማግሌ ነው። በ1991 መጣ። 2.48፣ 1.48 እና 1.00 የሚሉት ሦስቱ ማርሾች የአባቱ ናቸው፤ ከፊት አንድ ኦቨርድራይቭ፣ 0.75፣ ተጨመረለት፣ የሚቆለፍ ኮንቨርተርም አገኘ። በዚያው ፍጥነት ሞተሩ ወደ 2,500 ይወርዳል፤ ኮንቨርተሩ ሲቆለፍ ደግሞ መንሸራተት የለም፣ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ በ350ዜድ ወለል ሥር ለማስገባት የካምቢዮውን መሿለኪያ ቆርጠን በላሜራ አስፍተን መበየድ አለብን። ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። እኔም መበየዱን አልወደውም።

«ፋብሪካው የሰጠው አቅም እኮ 600 ኒውተን ሜትር አይሞላም፤ እኔ 800 ነው የምፈልገው!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ወረቀቱ ላይ 597 ነው የሚለው። ግን ያ ቁጥር የተሰጠው ለምን ዓይነት ሥራ ነው? ይህ ካምቢዮ የተሠራው ለሸቭሮሌትና ለጂኤምሲ ከባድ ፒክአፕና ቫን ነው፤ ተጎታች እየጎተተ ዳገት እንዲወጣ፣ ያንንም ለዓመታት እንዲያደርግ። አንድ ተኩል ቶን የምትመዝን መኪና ሙሉ ጉልበቷን የምትጠቀመው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ጎማው ይንሸራተታል ወይ እግር ይነሣል። ፋብሪካ የሚጽፈው ቁጥር ዕድሜን የሚመለከት ቃል ነው። ለዚህ ነው «ስንት ይችላል» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ምንም የማይነግረኝ። ለ800ውም ቢሆን ዲስኮቹን፣ የግፊት ቫልቮቹንና የውስጥ ዘንጎቹን ማጠንከሩ አይቀርም፤ ግን ከጠንካራ መሠረት ነው የምንነሣው።

ከሞተሩ ጋር አብሮ የመጣው 6ኤል80ስ? ስድስት ማርሽ አለው፣ መጥፎም አይደለም። ኮምፒውተሩ ግን ዘይቱ ውስጥ ተዘፍቆ ነው የሚኖረው። ለዚህ አገር ሙቀት አልመረጥኩትም።

ስለ ዜድኤፍ 8ኤችፒ ግን ዝም ማለት አልችልም፤ ወጣቶቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለ እሱ ነው። በ2009 ቢኤምደብሊው ላይ የወጣ ባለ ስምንት ማርሽ ነው። የዶጅ ሄልካትን 881 ኒውተን ሜትር የሚሸከመው የእሱ ወንድም 8ኤችፒ90 ነው፤ አዲሷ ቶዮታ ሱፕራም ከዚሁ ዘር ናት። ማርሽ ሲቀይር አይሰማም፣ በ120 ሞተሩን ወደ 2,200 ያወርደዋል። ዓለም ወደዚያ እየሄደ ነው፤ አስማሚ ሳህንና ራሱን የቻለ ኮንትሮለር የሚሠሩ ድርጅቶችም ተነሥተዋል። ገንዘብና ትዕግሥት ላለው፣ ከሁሉ በላይ ኮንትሮለሩን በላፕቶፕ አስተካክሎ የሚጨርስ ሰው ላለው፣ ከሁሉም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እዚህ የሚገጥመኝ ግን ካምቢዮውን ከሻርጃ የገዛ፣ ኮንትሮለሩን በፖስታ ያስመጣ፣ ከዚያ በዩቲዩብ እያየ የሚነካካ ሰው ነው። ይህም ካምቢዮ ኤሌክትሮኒክሱ ሆዱ ውስጥ ነው፤ የዘይት ካርተሩ ፕላስቲክ ነው፣ ማጣሪያው ከእሱ ጋር አንድ ላይ ተሠርቷል፤ ዘይት የሚለካበት ዘንግ የለውም። የዘይቱን ልክ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ፣ ሙቀቱ በተወሰነ ዲግሪ መካከል እያለ ነው የሚታየው። ሶማሌ ተራ ያስተማረኝ ሰው፣ ጋሼ የምለው፣ አውቶማቲክ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው ዘንጉን መዝዞ ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሽቶ ማሽተት ነበር። ያ ምርመራ እዚህ ቀርቷል።

እናም 4ኤል80ኢ አልን። የገንዘቡ ግማሽ የሚሆነው ግን ካምቢዮው ላይ አይሄድም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሮጌውን ስትገዙ ከ1997 ወዲህ የተሠራውን ፈልጉ። በዚያ ዓመት ከማቀዝቀዣው የሚመለሰው ዘይት የሚገባበት ቦታ ወደ ኋላ ተዛውሯል፤ የኋለኞቹ ማርሾች ቀዝቃዛ ዘይት በቀጥታ ያገኛሉ። ለሙስካት ይህች ትንሽ ለውጥ ትልቅ ናት። ቀጥሎ፣ የእነዚህ አዳዲስ ቪ8 ሞተሮች የክራንክ ጫፍ ከድሮዎቹ በ10 ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል። ትክክለኛው ማካካሻ ካልገባ ኮንቨርተሩ የካምቢዮውን ፓምፕ በቅጡ አይዝም፤ ሲታሰርም ፓምፑን ይፈጨዋል። ቡሎኖቹ ከመታሰራቸው በፊት ኮንቨርተሩ በእጅ እየተሽከረከረ ከቮላኖው ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። አዲስ ካምቢዮ ተገጥሞ በመጀመሪያው ቀን ሲሞት ያያችሁ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ኮንቨርተሩን ስትመርጡ ደግሞ ከፍ ያለ ስቶል (ኮንቨርተሩ መያዝ የሚጀምርበት የሞተር ዙር) አትውደዱ። ድራግ ላይ በ4,000 የሚይዝ ኮንቨርተር ያምራል፤ ሩዊ መብራት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኤሲ እየሠራ፣ ያው ኮንቨርተር ምድጃ ነው። ለዚህ ልጅ 2,600 አካባቢ ይበቃዋል፤ ቱርቦው ትንሽ ቢዘገይበት ይዘግይበት። የራዲያተሩ ውስጥ ማቀዝቀዣ ብቻውን ስለማይበቃ የራሱ ማራገቢያ ያለው ሰፊ የዘይት ማቀዝቀዣ ከፊት እንገጥማለን፤ የዘይት ሙቀት ጌጁ ደግሞ ዳሽቦርድ ላይ፣ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ። ካምቢዮ ከተቃጠለ በኋላ ጌጅ ማስገጠም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ወረቀቱንም አትርሱ፤ የሮያል ኦማን ፖሊስ ፈቃድ የሌለው የሞተር ቅየራ ሙልኪያ (የመኪናው መመዝገቢያ ወረቀት) ሲታደስ ጣጣ ያመጣል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ወገኖቼ ይህን ሁሉ አንብባችሁ «ወደ ማኑዋል ቀይረውና ተገላገል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ያ ምክር እኛ አገር አውቶማቲክ ካምቢዮ በተበላሸ ቁጥር ይሰጣል፤ ዕቃውም የሚፈታውም ሰው ስለሚጠፋ ነው እንጂ ካምቢዮው ስለማይጠገን አይደለም። ከ2024 ወዲህ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያለውን አውቶማቲክ ከፍቶ መጠገን የሚችል ሰው ከዚህ በኋላ እንጀራ አያጣም። ወጣት መካኒኮች ይህችን ያዙልኝ።

ልጁ በመጨረሻ መሿለኪያውን እንድንቆርጥ ተስማማ። አሁን የቀረው የኋላው ነው። አንደኛ ማርሽ ላይ ካምቢዮው ቶርኩን በ2.48 ያባዛዋል፤ ኮንቨርተሩ ከቆመበት ሲነሣ እሱም ወደ እጥፍ ያደርሰዋል፤ ይህ ሁሉ የሚያርፈው ለ3.5 ሊትር ሞተር በተሠራ የኒሳን ዲፈረንሻልና አክስል ላይ ነው። ካምቢዮው ካልተሰበረ ቀጣዩ ተረኛ እሱ ነው፤ ቱርቦው ከመግባቱ በፊት እንዲለወጥ ነግሬዋለሁ፣ ዋጋውን እየጠየቀ ነው።