ስለ አንዲት የደጋ ወፍና ስለ አጸዶቻችን

ስለ አገራችን የዱር ፍጥረት በተነገረ ቍጥር ዋልያና ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን በግንባር ቀደምነት መጠራታቸው የተገባ ነው፤ ግርማቸው ዐይንን ይስባልና። ነገር ግን እነርሱ በሚኖሩበት ደጋ አብራ የምትኖር፣ እንደ እነርሱም በዓለም ላይ ሌላ አገር የሌላት አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ምድር ውጪ አትገኝም፤ ከደጃችን ወይራ ላይ ተቀምጣ ስትውል ግን ብዙዎቻችን ስሟ ይቅርና መልኳን እንኳ ልብ ብለን አላየንም። የተከበራችሁ አንባብያን፣ ብርቅ የሆነውን ብቻ ማድነቅ ልማድ ሆኖብን ዕለት ዕለት ከእኛ ጋር የሚኖረውን ስጦታ እንዳንዘነጋ፣ ዛሬ ስለዚህች ፍጥረት በሰፊው ልጽፍላችሁ ወድጃለሁ።

የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ይህችን ወፍ የሚመድቧት ተቀምጠው አድብተው ነፍሳትን ከሚጠልፉት፣ ዝንብ ያዥ ከሚባሉት አእዋፍ ነገድ ነው። ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ ጀርባዋ ወደ ቡናማ ያደላ ጠቆር ያለ ዐመድማ፣ ደረቷ ፈካ ያለ ግራጫ፣ የሆዷ ግርጌ ወደ ነጭ የሚጠጋ ነው፤ ወንዱና ሴቷም በመልክ አይለያዩም። በዚህ ትሑት ልብስ ላይ ግን አንድ ጌጥ ተጨምሮላታል፤ ይኸውም ለአቅመ ወላጅነት የደረሰችው ወፍ ዐይን ጥርት ያለ ቢጫ መሆኑ ነው። ልጆቿ በአንጻሩ፣ እንደ ነገዳቸው ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ላባ ሲያወጡ ነጠብጣብ ያለበት ዥጕርጕር ሆነው ይታያሉ።

የምትመገበው በትዕግሥት ነው። ከጫካ ዳር ወይም ከግቢ ዛፍ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥና፣ ድምፅ ሳታበዛ፣ ከበታቿ ያለውን ሣርና የረገፈ ቅጠል ትመለከታለች፤ ጥንዚዛ ወይም አባ ጨጓሬ ሲንቀሳቀስ ባየች ጊዜ ወርዳ ትይዛለች፤ የሚበረውንም አንዳንድ ጊዜ በአየር ላይ ትጠልፋለች፤ አልፎ አልፎም የዱር ፍሬ ትለቅማለች። ከዚህ አኗኗር የሚከተለውን ነገር አደራ አስተውሉልኝ፤ ለዚህች ወፍ የዛፍ መኖር ብቻውን አይበቃትም፤ የምትቀመጥበት ዝቅተኛ ቅርንጫፍ፣ ነፍሳት የሚራቡበት ቍጥቋጦና የወደቀ ቅጠል፣ ከሥሩም ዐይኗ የሚደርስበት ገላጣ መሬት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ስፍራ ሊገኙላት ይገባል።

ስለ ምን በእኛ ደጋ ብቻ ተወስና ቀረች? የምድራችን ታሪክ መልሱን ያስረዳል። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከከርሠ ምድር የፈሰሰው እሳተ ገሞራ ተደራርቦ ይህን ከፍተኛ አገር አቆመው፤ ከዚያም ስምጥ ሸለቆ መካከሉን ሰንጥቆ ለሁለት ከፈለው፤ በምሥራቅ የአፋርና የኦጋዴን በረሓ፣ በምዕራብ የሱዳን ሜዳ፣ በደቡብ የሰሜን ኬንያ ደረቅ ቆላ ከበቡት። ብርድና ጉም የለመደ ፍጥረት ያን ሁሉ ሐሩር አቋርጦ መሄድ ስለማይቻለው፣ በተወለደበት ከፍታ ላይ ለብቻው የራሱን ጠባይና መልክ ይዞ ኖረ። የዚህም ምስክር ከራሷ ዘመዶች ይገኛል፤ ከደረቁ ቆላ ማዶ፣ በኬንያና በታንዛንያ ተራሮች የምትኖረው የቅርብ ዘመዷ በዐይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት አላት እንጂ ቢጫ ዐይን የላትም፤ በእኛው አገር ቆላማ ስፍራዎች የሚኖረው ሌላው ዘመዷ ደግሞ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጥቁር ነው። ከአውሮፓ ተነሥተው በመስከረምና በጥቅምት በሰማያችን የሚያልፉ ዝንብ ያዦችም አሉ፤ እነርሱ መንገደኞች ናቸው፤ ይህች ግን በክረምትም በበጋም ከአገሯ የማትወጣ ናት።

ለዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቃት የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ይህ ሰው በዘመነ መሳፍንት በምፅዋ በኩል ገብቶ፣ የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ፣ በ1832 እ.ኤ.አ. ጎንደር ደረሰ፤ ሲመለስም የአራዊትንና የአእዋፍን ናሙና ከግእዝ የብራና መጻሕፍት ጋር ወደ ከተማው ይዞ ሄደ፤ ስለዚህችም ወፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ጽፎ ለሕትመት አበቃ። የባዕድ አገር ሰው ይህን ያህል ደክሞ የመዘገበውን፣ እኛ ባለቤቶቹ ከመስኮታችን ቀና ብለን ለማየት መስነፋችን ሊቈጨን ይገባል እላለሁ።

ሆኖም አባቶቻችን በመጽሐፍ ባይመዘግቧትም ማደሪያዋን ጠብቀው አቆይተዋል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ እንዳስተከሉ ከጥንት ጀምሮ ይተረካል፤ ያ ደን ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ወፊቱም ከዳርቻው አትጠፋም። ከዚህም የሰፋው ውለታ የአድባራትና የገዳማት ነው። በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶ ባለቀበት አገር፣ ጽድና ወይራው፣ ዝግባና ኮሶው በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ተከብሮ ቀረ፤ ለቅዱሱ ስፍራ ሲባል መጥረቢያ አልተነሣበትምና። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን ከባልደረቦቹ ጋር መርምሮ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። የእርሱ ጥናት ከብት ወደ አጸዱ እየገባ ችግኙን ሲበላና ሲረግጥ፣ አሮጌው ዛፍ ተተኪ አጥቶ እንደሚቀር ያስረዳል፤ ስለዚህም በአንዳንድ ደብሮች ካህናቱና ምእመናኑ ከማሳው ድንጋይ ለቅመው ቅጥር ሠሩ፤ ከቅጥሩ ውስጥም ቡቃያው ተመልሶ መብቀል ጀመረ። በላይ ያነሣሁት የዝቅተኛው ቅርንጫፍና የቍጥቋጦው ነገር ከዚህ ላይ ይገጥማል፤ ትልልቁ ግንድ ብቻውን ቆሞ ሥሩ የተራቈተ ደን፣ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ቢሆንም፣ ተቀምጣ ለምታድን ወፍ የተራቈተ ማእድ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ታላቅ ጥቅም ሰጥቶናል፤ ነገር ግን ከሥሩ እምብዛም ስለማያበቅል የአገር በቀሉን ጫካ ቦታ ሊተካ አይችልም።

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህችን ወፍ የመጥፋት ሥጋት ከሌለባቸው ፍጥረታት ተራ መድቧታል፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። አንዳንድ ሰው ታዲያ ስለማይጠፋ ነገር ምን ያስለፈልፋል ይል ይሆናል። የእኔ ሐሳብ ግን ተቃራኒው ነው። ለመጥፋት የተቃረበውን ለማዳን ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ያስፈልጋል፤ አሁንም ድረስ የበዛውን ለማቆየት ግን በያዝነው ላይ መጠንቀቅ ብቻ ይበቃል፤ ይህም ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም። ብሔራዊ ፓርክ ማቋቋም የመንግሥት ሥራ ነው፤ ይህች ወፍ ግን በባሌ ተራሮች ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባ ግቢዎችም ስለምትኖር፣ ጠባቂዋ እያንዳንዱ ባለ ርስትና ባለ ግቢ ነው።

ስለዚህ በግቢያችሁ ያረጀ ወይራ ወይም ጽድ ካለ፣ ቤት ለማስፋት ስትሉ ከመቍረጣችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ፤ የቀጋና የቍጥቋጦውን አጥር ሁሉ አፍርሳችሁ በግንብ አትተኩት፤ የረገፈውን ቅጠል ጠርጋችሁ ከማቃጠል ከዛፉ ሥር ተዉት፤ ተባይ ማጥፊያ መድኃኒትንም ሳያስፈልግ አትርጩ፤ ተባይ የምትሉት ለእርሷ የዕለት እንጀራዋ ነውና። የደብራችሁ ሰበካ ጉባኤ ቅጥር ለመሥራት ርዳታ ሲጠይቅም ከሕንጻው መዋጮ አሳንሳችሁ አትዩት። ከዓለም ሕዝብ መካከል ይህ አደራ የተሰጠው ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ሰው ብቻ ነው፤ እኛ ቸል ብንል በምትካችን የሚጠብቃት ሌላ አገር፣ ዘሯንም የምንበደርበት ሌላ ተራራ አይኖርም።