የእጣቢው ኮባ

አያቴ ቤት ከማዕድ ቤቱ ጀርባ እጣቢ የሚደፋበት ቦታ ነበር። የሰሃን እጣቢው፣ የጋን እጥበቱ፣ የጠላው አተላ ሁሉ እዚያው ይፈስሳል። ከዚያ በታች አጥሩ ነው፤ ከአጥሩ በታች ቁልቁለቱ፤ ከቁልቁለቱ ሥር ቀሐ ወንዝ። እጣቢው መድፊያ ላይ የቆመው ኮባ ከጎጆዋ ጣራ በላይ ነበር። ዝናብ ሲመጣ እኛ ልጆቹ ቤት መግባት ትተን ቅጠሉ ሥር እንጠለላለን።

ጎንደር ውስጥ ኮባ የዳቦ ልብስ ነው። አያቴ ድፎ ልትደፋ ስትነሣ ቅጠሉን በማጭድ ትቆርጥና የመሀሉን ጅማት በቢላ ትልጣለች። ከዚያ እንዳይሰነጠቅ እሳት ላይ ለብለብ ታደርገዋለች። ምጣዱ ላይ ደራርባ ካነጠፈች በኋላ ሊጡን ትገለብጥበታለች፤ ከላይም በቅጠል ሸፍና በክዳኑ ላይ ፍም ታደርጋለች። ሽታው ሰፈሩን ያውደዋል። ጥምቀት ሲቃረብ ጎረቤቱ ሁሉ ቅጠል ሊለምን ይመጣል። ኮባ ያለው ሰው ደግሞ ቅጠል አልሰጥም አይልም፤ አልሰጥም ያለ ሰው በሰፈሩ ስሙ ይጠፋል።

ኮባ ይበላል ብሎ ያሰበ ግን እኛ ዘንድ አንድም ሰው አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ የእቴጌ ምንትዋብ እንግዳ ሆኖ ቁስቋም ተቀምጧል። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ እንሰት፣ ማለትም ስለ ኮባችን ሲጽፍ፣ የተክሉ አገር የናርያ ረግረግ እንደሆነ እንደሚነገር፣ ጎንደርም ላይ አምሮ እንደሚያድግ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው ግን ከዓባይ ማዶ በሜጫ በኩል እንደሆነና እዚያ ያለው ሕዝብ ምግቡ እንዳደረገው ይናገራል። ሲቀቀል ጣዕሙ በደንብ ያልበሰለ ትኩስ የስንዴ ዳቦ ይመስላል ይላል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛ የስንዴ ዳቦ የምንጠቀልልበት ተክል ራሱ ዳቦ ዳቦ ይላል ማለት ነው!

በ2000 ዓ.ም. ዳባት ለማስተማር ተመደብኩ። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ኮሶዬን ሲያልፉ አየሩ ይለወጣል፣ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ጋቢ ያልያዘ ሰው ይጸጸታል። አከራዬ ጎንደር በወረድኩ ቁጥር፣ «መምህር፣ ስትመለስ ኮባ እንዳትረሳብኝ!» ይሉኛል። ቅጠሉን ጠቅልዬ እወስዳለሁ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ተቀዳዶ ይደርሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ከማመላለስ ለምን ተክሉን ራሱን አልወስድም አልኩ።

በሐምሌ 2001 ዓ.ም. ከአያቴ ጓሮ ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ ኮባ ከነቅጠሉ ነቀልኩ። የአውቶብሱ ረዳት ፖርቶመጋላው ላይ እያሰረ፣ «ለዚህኛውም ሰውዬ ትኬት ይቆረጥለት» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ። ያስከፈለኝ ግን የምሩን ነው። ኮባ ውሃ ይወዳል ሲባል ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ዳባት ስደርስ የጣራው ጠፈጠፍ የሚወርድበትን ቦታ መረጥኩለት። መሬቱ ዋልካ ነው። ዝናቡ ሳያንሰው ማታ ማታ ደግሞ በባልዲ እጨምርለታለሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጎንበስ አለ። ሳቃናው ግንዱ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሩ ቀልጦ፣ የከረመ አተላ ይሸት ነበር።

በዓመቱ ሌላ ወሰድኩ፤ አሁን ደረቅ ከፍታ ላይ፣ በሰኔ። ይኸኛው ያዘ። ክረምቱን ሁለት ቅጠል ጨመረ፤ እኔም በየጠዋቱ እየሄድኩ እጎበኘዋለሁ፣ አከራዬም ለገና ዳቦ ቀጠሮ ያዙለት። ኅዳር ላይ ውርጭ መታው። በአንድ ሌሊት ቅጠሉ እሳት እንደላሰው ጠቁሮ አደረ። አንድ ሳምንት ጠብቄ፣ ሞቷል ብዬ ነቀልኩና አጥር ጥግ ጣልኩት።

ከእኔ ጋር የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነበር፤ የእምድብር ልጅ፣ ጉራጌ። እሑድ ሊጠይቀኝ መጥቶ አጥር ጥግ የወደቀውን አየው። ቢላ ጠየቀኝና ግንዱን ከግማሹ በላይ ቆረጠው። መሀሉ ነጭ ነበር፤ እርጥብ፣ ጤነኛ።

«መቼ ሞቶ ነው» አለኝ፣ «አንተ ገደልከው እንጂ።»

እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ቅጠሉ ቢቃጠል ልቡ ታች ነው ያለው፤ ትንሽ ብታገሥ ከመሀል ጥቅልሉ ይወጣ ነበር። የመጀመሪያውን በውሃ፣ ሁለተኛውን በችኮላ ገደልኩ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ለሦስተኛ ሙከራ የሒሳብ መምህሩን ይዤ ጎንደር ወረድኩ። አያቴ ጓሮ ከትልቁ ኮባ ሌላ ከዘር የበቀሉ ሦስት አራት ትንንሾች ነበሩ። ኮባ እንደ ሙዝ በራሱ ልጅ አያወጣም፤ ብቻውን ያድጋል፣ አንዴ አብቦና አፍርቶ ይሞታል። ልጅ እንዲያወጣ እናቲቱን መቁረጥ ግድ ነው። መምህሩ የሦስት ዓመቱን መርጦ «ይህችን ይስጡኝ እማማ፣ ብዙ አድርጌ እመልስልዎታለሁ» አላት።

«ቆርጠህ ልታበዛ?» አለችው አያቴ። «የቆረጡት ሲበዛ ያየሁት ጎመን ብቻ ነው።»

ሆኖም ፈቀደች። እሱም ቢላውን በመጀመሪያ እሳት ላይ አገላብጦ አጋለው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ እነሱ አገር አጠውልግ የሚሉት በሽታ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው በቢላ እንደሚሻገር ነገረኝ። ከዚያ ግንዱን ከአሚቾው፣ አፈር ውስጥ ካለው ወፍራም ሥር፣ ጥቂት ከፍ አድርጎ ቆረጠ፤ ቡቃያው የሚነሣበትን እምብርት ጎድጉዶ አወጣው። ጓሮው ጥግ ብዙ ያልጠለቀ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የደረቀ ፍግ ከአፈር ጋር ደባልቆ፣ አሚቾውን ቀበረው። ውሃ ሊያጠጣው ነው ብዬ ባልዲ ባመጣ መለሰኝ።

ጎድጉዶ ያወጣውን ነጭ ነገር አያቴ ጣል ስትለው እሱ ቀቀለው። የነቢያት ጾም ነበርና አያቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ያስገድፋል?» ብላ ነው። ሥር መሆኑን ሲነግራት በአዋዜ ቀመሰች። «ድንች ነው» አለች፤ ደግማም አነሣች። ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጓሮዋ የኖረውን ተክል ያን ቀን ቀመሰችው። ብሩስን ነገርኳት፤ «ፈረንጁ ካወቀ ታዲያ እኛን ማን ከለከለን?» አለች። እኔ መልስ አልነበረኝም። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ምግብ እኛ ዘንድ መጠቅለያ ሆኖ መቅረቱ አሁንም ይገርመኛል።

ሚያዝያ ላይ አሚቾው የተቀበረበት አፈር እንደ ሊጥ ተሰነጣጠቀ። ክረምቱ ሲያበቃ ወርጄ ስቆጥር ሠላሳ አንድ ሆነዋል፤ እናቲቱን ከበው የቆሙ፣ እርሳስ የሚያህሉም፣ ክንድ የሚያህሉም። አያቴ ጎረቤት እየጠራች ታስቆጥር ነበር።

በግንቦት 2004 ዓ.ም. ከመካከላቸው ስድስቱን ነቀልን። መምህሩ ሲያዘጋጃቸው አለቅጥ የጨከነባቸው መስሎኝ ነበር። ቅጠሉን በሙሉ ቆረጠው፤ ሥሩንም አሳጠረው። የቀረው ከነአሚቾው አጭር በትር ነው። ያንንም ወዲያው አልተከለውም፤ ጥላ ሥር ሦስት ቀን አስተኛው።

«ይደርቃል እኮ!» አልኩት።

«አይደርቅም። ግንዱን ጨምቀህ እየው፤ ገንቦ ነው። ውሃውን ይዞ ነው የሚሄደው። ቅጠል ከተውክበት ያን ውሃ ቅጠሉ ይጠጣዋል፤ ሥሩ ቆስሎ ሳለ ብታጠጣው ደግሞ ቁስሉ ይበሰብሳል። ቁስሉ ይድረቅለት፣ ከዚያ ዝናቡ ሲመጣ ራሱ ይጠጣል።»

የት እንትከለው ሲል ዳባት ያለውን ግቢ ዞሮ አየ። ጠፈጠፉን አለፈው። ከፍታውንም አለፈው። የቆመው አከራዬ እጣቢ ከሚደፉበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ቦይ የሚያዘነብልበት ጥግ ላይ ነው። ያኔ የአያቴ ጓሮ ታየኝ። እጣቢው ዘወትር ይደፋል፤ ግን አይቆምም፣ ኮባውን አልፎ ወደ ቀሐ ይወርዳል። በልጅነቴ ያየሁት ውሃውን ብቻ ነበር፤ ተዳፋቱን ልብ ብዬው አላውቅም።

ጉድጓዱ በክንድ ልክ ነው። ከታች ፍግ፣ ከላይ አፈር፤ አሚቾው ተቀብሮ ዙሪያው በእግር ተረገጠ። አንድ ጣሳ ውሃ እንኳ አልጠጣም። ለሦስት ሳምንት ምንም አልታየም፤ አከራዬም «መምህር፣ ፍልጥ ነው እንዴ የተከላችሁት?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲያያዝ ከተቆረጠው ግንድ መሀል አረንጓዴ ጥቅልል ብቅ አለ። ስድስቱም ያዙ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጥበቃ ነው። ኅዳር ሳይገባ ግንዱን በገለባ ጠቀለልኩ፤ ቅጠሉ ቢጠቁርም ሳልነካው የካቲትን ጠበቅሁ። ሁለቱን ፍልፈል ከሥር በላብኝ፤ አንድ ቀን ለምልመው አይቻቸው በማግስቱ ተጋድመው አገኘኋቸው። አራቱ ቀሩ። ጎንደር እንዳለው ኮባ አልተመነደጉም፤ የዳባት ብርድ ያዘገያል። ቢሆንም ለ2007 ዓ.ም. ገና አከራዬ የራሳቸውን ኮባ ቆርጠው ድፎ ደፉ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለመምህሩ ልከውለታል።

የአያቴ ትልቁ ኮባ በዚያው ዓመት አብቦ ሞተ። እሷ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች። የእጣቢው መድፊያ ላይ አሁን ከሠላሳ አንዱ ሦስቱ ቆመዋል፤ ዳባት ከሄዱት ስድስቱ በቀር ሌላውን ጎረቤት ተካፈለው።

ደጋው ላይ፣ ደባርቅም ይሁን ዳባት፣ ኮባ መትከል ያሰበ አንባቢ ቢኖር ችግኝ በነጻ እሰጣለሁ። ግን በግንቦት ይምጣ። በሐምሌ ለሚመጣ ቅጠል እንጂ ችግኝ የለኝም።