ከደጁ አትራቂ

ኮልፌ ቀራንዮ
ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ይህን ስጽፍ አንቺ ከመጋረጃው ማዶ ሻንጣሽን እያሰርሽ ነው። እናትሽ በሶውንና ቆሎውን ለየብቻ ቋጥራ፣ ፈታ፣ እንደገና ቋጥራለች። በአፌ ልነግርሽ ሦስት ቀን ሞክሬ አልሆነልኝም። ስጀምር እንባ ይቀድመኛል፤ አንቺም “አባባ ተው” ትይኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። ጅማ ገብተሽ፣ ክፍልሽን ጠርገሽ፣ ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ የነገርሽኝን አልረሳሁም። “አባባ፣ ስጸልይ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም” አልሽኝ፣ ዓይንሽን ከመሬት ሳታነሺ። ለሥራ ልምምድ በቆየሽበት ሆስፒታል ያ ትንሽ ልጅ ካረፈ ወዲህ ልብሽ እንደተሰበረ አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ሆነሽ እንደ ለመንሽ፣ ሲነጋ ግን አንሶላውን የሸፈንሽው አንቺ እንደሆንሽ ነግረሽኛል። ያን ዕለት ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። ያንን ቃል እኔም በአንቺ ዕድሜ ብየዋለሁና ነው።

ታላቅ ወንድሜን ደርግ በ1970 ከቤት ወሰደው። አያትሽ በየማለዳው ስንቅ ቋጥራ እስር ቤቱ ደጅ ትሰለፍ ነበር። ባዶው ሳህን ሲመለስላት በልቷል ማለት ነው፤ አለ ማለት ነው። ሳህኑን አቅፋ ቀጥታ ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ትሄዳለች። አንድ ቀን ጠባቂው ስንቁን እንዳለ መለሰላትና “ከእንግዲህ አታምጪ” አላት። ሬሳውን አልሰጡንም። ልቅሶ መቀመጥም ክልክል ነበር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታለቅስ ያየሁ ዕለት ቤተ ክርስቲያን መግባት አቆምኩ። ሦስት ዓመት አልገባሁም።

አያትሽ አንድም ቀን አልገሠጸችኝም። እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ “የተቀየምከው ሰው ቤት በግድ ግባ አልልህም። በደጁ ስታልፍ ግን ዝም ብለህ አትለፍ፤ ተሳለም።”

ያኔ የምተዳደረው አጠና ተራ በሸክም ሥራ ነበር። አጠና የተሸከመ ሰው ደግሞ ጎንበስ ማለት አይችልም፤ ከፊት ዝቅ ሲል የኋላው ጫፍ ይነሣና ሰው ይመታል። ለመሳለም ሸክሙን ማውረድ ግድ ነው፤ ረጅም አጠና ብቻን አውርዶ መልሶ መሸከም ደግሞ ቀላል አይደለም። ለብዙ ወራት ይህን ሰበብ አድርጌ አለፍኩ። አንድ የሰኔ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ከመድኃኔዓለም ደጅ ደረስኩና፣ ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም፣ አወረድኩት። አጥሩን አስደግፌ ቆምኩ። አልጸለይኩም፤ የምለው ቃል አልነበረኝም። ተሳለምኩ፣ መልሼ ተሸከምኩ፣ ሄድኩ። በማግስቱም አወረድኩ።

እምነቴ የተመለሰው በስብከት አይደለም። መቼ እንደተመለሰም ቀኑን አላውቀውም። ወንድሜ ለምን እንዲያ እንደሆነ ዛሬም መልስ አላገኘሁም፤ ጌታ ፊት ስቆም እጠይቀዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ከደጁ አልሄድም።

አባቶቻችን ደጅ ጥናት የሚሉት ነገር ነበር። ጉዳይ ያለው ሰው ጌታው ደጅ ይውላል፤ ዛሬ ነገ ይባላል፤ ይርበዋል፤ ሎሌው ይገላምጠዋል። ጉዳዩ እስኪፈጸምለት ግን አይሄድም። እምነት ሁልጊዜ ልብን የሚያሞቅ ነገር አድርገው የሚነግሩሽን አትስሚ። የሚሞቅበት ጊዜ አለ፤ ደስ ይበልሽ። የማይሞቅበት ጊዜ ሲመጣ ግን ከሃዲ ሆንኩ ብለሽ አትደንግጪ። ያኔ ደጅ እየጠናሽ ነው።

ከትናንት ወዲያ ጥቅምት 14 አለርት ገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይዤሽ የሄድኩት ለዚህ ነበር፤ እዚያም ቆመን ልነግርሽ አስቤ አቃተኝ። የገብረ ክርስቶስን ታሪክ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሽዋል። የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ በሠርጉ ሌሊት ሁሉን ትቶ ወጣ። ዘመን አልፎ ወደ አባቱ ደጅ ሲመለስ ቁስለኛ ለማኝ ነበር። አባቱ አላወቀውም። የገዛ አባቱ ደጅ ላይ ብዙ ዓመት ተኛ፤ ሎሌዎች እጣቢ ይደፉበት ነበር፤ ውሾች ቁስሉን ይልሱለት ነበር። ልጅ መሆኑ የታወቀው ካረፈ በኋላ፣ በእጁ በተገኘው ጽሑፍ ነው። አስቢው እስቲ። ያን ሁሉ ዓመት ልጅነቱ አልተቋረጠም፤ ያልታየው ነው እንጂ።

የእሱ ታቦት አለርት መሆኑ ደስ ይለኛል። አለርት በ1958 ከመቋቋሙ በፊት በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እዚያው ነበር፤ ሰፈሩ ዘነበወርቅ የተባለውም በዚሁ ነው። ከየአገሩ በእግራቸው እየመጡ የታከሙ፣ ወገን ስለሸሻቸውም እዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው ያቀኑት። ከዋርካው በታች የነበሩትን እናት አየሻቸው? ጣቶቻቸውን በሽታው ወስዶባቸዋል። ጧፉን በሁለቱ አንጓዎቻቸው መሃል ይዘው ከጎረቤታቸው ጧፍ ያቀጣጥሉ ነበር። ነፋሱ አጠፋው። እንደገና አቀጣጠሉ። ሰሙ እየቀለጠ አንጓቸው ላይ ሲወርድ አልተሰማቸውም፤ እዚያ ቦታ ስሜት የለም። ልትረጂያቸው እጅሽን ስትዘረጊ “ተዪኝ ልጄ፣ እኔው ላብራ” አሉሽ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያበሩት አንቺ ፊትሽን አዞርሽ። ምን እንዳሰብሽ አልጠየቅኩሽም።

ቶማስን ሁሉ ተጠራጣሪ እያለ ይጠራዋል። እኔ ሌላ ነገር ነው የማይበት። ጌታን አየን ሲሉት ካላየሁ አላምንም አለ፤ ነገር ግን ስምንት ቀን ሙሉ ከወንድሞቹ አልተለየም። እነሱም አላባረሩትም። ጌታ ሲመጣ እዚያው አገኘው። ጥርጣሬውን ይዞ ወደ አገሩ ገብቶ ቢሆን ኖሮስ? ቤተ ክርስቲያናችን ከፋሲካ በኋላ ያለውን እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤን፣ ስለ እሱ የምታነብበት ያለ ነገር አይደለም።

በእኛ ዘመንም ከደጁ ያልራቁ ነበሩ። ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ በ1968 ከመንበራቸው አወረዳቸው፤ አሰራቸው፤ በ1971 ገደላቸው። የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም በዚያው ዓመት ከመንገድ ወስደው ገደሏቸው፤ ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፣ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው በ1984 ነው። አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ የት እንዳሉ እንኳ የሚናገር አልነበረም። ፓትርያርኩ ዛሬ ጎፋ ገብርኤል አርፈዋል። አያትሽ ዜናውን በሬዲዮ ስትሰማ እጇን ዘርግታ “ለእነሱ እናቶችም ተገኘላቸው” ብላ አለቀሰች። የእሷ አልተገኘም። እንዲያም ሆኖ ያን ዓመት አንድም መድኃኔዓለም አላስታጎለችም።

አሁን ስለ ሥራሽ። ሕፃን ሲሞት ለእናቱ “እግዚአብሔር ለበጎ ነው” እንዳትያት። እውነት ቢሆንም ያን ሰዓት አይባልም። እጇን ያዢ፣ ውኃ አቅርቢላት፣ ዝም በይ። በሽተኛው ያልዳነው እምነቱ ስላነሰ ነው የሚል ሰባኪ ከመጣ ከአልጋው አርቂው፤ በተኛ ሰው ላይ ድንጋይ መጫን ነው። ጠበል አለኝ ብሎ ክኒኑን የሚጥል ካገኘሽ ደግሞ በ1999 አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አይጣሉም፣ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ መናገራቸውን አስታውሺው። መርፌ የሚወጋው እጅሽም የእግዚአብሔር ነው።

ጸሎቱ ሲያቅትሽ አታርዝሚው። አባታችን ሆይን እንኳ መጨረስ ካልቻልሽ አማትቢና ተኚ። የንስሐ አባት ያዢ፤ የሚቆጣሽን ሳይሆን የሚሰማሽን። የሚያስቸግርሽን ጥያቄ ለሱ ንገሪው እንጂ ሌሊት በስልክ ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር አትከራከሪበት፤ እነሱ ይረታሉ ወይም ይረቱሻል፣ አንቺ ግን እንቅልፍሽን ታጫለሽ። ጎረቤቶችሽ ሙስሊም ቢሆኑ እንደ እዚህ እንደ ሰፈራችን ሁኚ፤ ጎረቤታችን ሐጂ መሄድሽን ሰምተው ዱዓ እንዳደረጉልሽ አትርሺ። ሦስት ወር ካልቆረብሽም፣ ዓመትም ካልቆረብሽ፣ አፍረሽ አትቅሪ። ከቅጥሩ ውጭ ቆመሽ አስቀድሺ። ብዙ ሰው እዚያ ቆሞ ነው ያደገው።

እኔ ደግሞ እዚህ አለሁ። ጥቅምት 27 መድኃኔዓለም ሊነግሥ 11 ቀን ቀርቶታል፤ ስምሽን ይዤ እገባለሁ። አንቺ መለመን ባቃተሽ ቀን እኔ እየለመንኩ ነው።

አውቶቡሱ ከአየር ጤና የሚነሣው ሌሊት 11 ሰዓት ነው ብለውኛል፤ 9 ተኩል ላይ እቀሰቅስሻለሁ። በሶው ከላይ ነው፣ ማሩ በጠርሙስ ስለሆነ ልብስ መሃል አድርገነዋል። ጊቤ ስትወርዱ ይሞቃል፣ ጋቢውን ያኔ አውልቂው። እንደደረስሽ ለእናትሽ ደውዪላት።

አባትሽ