ነጻው ትምህርት

ኮሪያኛ ልማር ብዬ የተነሣሁት በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ዳንግላ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ምሽት ነበር። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ምናልባት የትምህርት ዕድል ባገኝ» እል ነበር። እውነቱ ግን የቃኘው ሻለቃን ታሪክ እየሰማሁ ማደጌ ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ከ6,000 በላይ ወታደሮቻችን የዘመቱላት፣ ከ120 በላይ የወደቁላት አገር ቋንቋዋ ምን ይመስል ይሆን?

ገንዘብ አልነበረኝም፤ ስልክ ግን ነበረኝ። በኮሪያ መንግሥት የሚደገፈው የንጉሥ ሴጆንግ ተቋም በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጣቸውን ትምህርቶች አገኘሁ። የዮንሴ ዩኒቨርሲቲን የጀማሪዎች ኮርስ ከኮርሴራ ላይ ያለ ክፍያ ተከታተልሁ። ርካሹን የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ድምፁን ስልኬ ላይ አስቀምጥና ቀን ቀን አዳምጠዋለሁ።

ፊደሉ ወዲያው ወደድሁት። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 እ.ኤ.አ. ለሕዝባቸው ያወጁት ይህ ፊደል የተቀረጸው ከአፍ ነው። የ«መ» ድምፅ ምልክት የአፍን ቅርጽ ይዞ አራት ማዕዘን ነው፤ የ«ነ» ምልክት ምላስ ወደ ላይ ስትነሣ የምትሠራውን መታጠፊያ ይመስላል። ተነባቢና አናባቢ ተቃቅፈው በአንድነት ሲጻፉ ሳይ፣ ሀ ሁ የቆጠርሁበት የቄስ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ።

ሰዋስው ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያገኘኋቸው ትምህርቶች የተሰናዱት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። ግሡ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣልና አትደናገጡ እያሉ ገጽ ይፈጃሉ፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ግሥን መጨረሻ ላይ ሳስቀምጥ የኖርሁ ሰው! ለታላቅ ሰው የግሡ መልክ እንደሚለወጥ ለማስረዳት ይደክማሉ፤ «ና» እና «ይምጡ»ን ለይቼ ላደግሁት። እኔን ያስቸገረኝ ማብራሪያው የተጻፈበት እንግሊዝኛ ነበርና፣ ለአንድ የኮሪያ ቃል ሁለት ጊዜ መዝገበ ቃላት እገልጥ ነበር። ለካ ነጻው ትምህርትም ዋጋ ነበረው።

ከሁሉ የከበደኝ አንድ ድምፅ ነው። ከጉሮሮ አካባቢ ተነሥቶ በአፍንጫ የሚወጣ፣ በአማርኛ ፊደል የሌለው ድምፅ፤ ኮሪያውያን በትንሽ ክብ ይጽፉታል። እኔ «ንግ» እያልሁ ለሁለት እሰብረው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሳምንታቱ ወራት ሆኑ። የቀሩኝ ያስቀመጥኋቸው ጥቂት ድምፆችና አንድ ደብተር ብቻ ነበሩ።

በዚያ መካከል፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን፣ እንጅባራ ያሉትን የአባቴን እናት ልጠይቅ ሄድሁ። አያቴ ደጃፍ ተቀምጠው ከጎረቤታቸው ጋር በአውኚ ይጫወታሉ። ያን ድምፅ ሰማሁት! ሳይሰበር፣ ሳይደክሙ ከአፋቸው ይወጣል።

«እምዬ፣ እስቲ ይድገሙት» አልኋቸው።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ለኮሪያኛ ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው አዩኝ። «የኛንስ መቼ ትማረው ይሆን?» አሉኝ፤ በአማርኛ፤ በአውኚ ቢሉኝ እንደማይገባኝ ያውቃሉና።

አባቴ ትምህርት ቤት እንዳንቸገር ብሎ ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ ነበር የሚያናግረን። አልፈርድበትም። ዛሬ በዞናችን ሕፃናት በአውኚ ፊደል ይቆጥራሉ፤ ያ ድምፅም ከግእዝ ፊደል ጋር የራሱ ምልክት ተጨምሮለታል። እኔ ግን ከሴኡል ቃል ስለቅም የአያቴን ጨዋታ በአስተርጓሚ የምሰማ የልጅ ልጅ ሆኜ ቀረሁ።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ ወዲህ ኮሪያኛዬን ቀጥያለሁ። ደብተሬን ግን ከኋላ ገልብጬ አውኚ እጽፍበታለሁ። እሑድ እሑድ ለእምዬ እደውልና የጻፍሁትን አነብላቸዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ይስቃሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ያርሙኛል። ሒሳብ እስኪያልቅብን እንዲህ እንማማራለን።