ለማን ነው የምታጎበድደው?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ለ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊ ብትተርጉምለት ማብራሪያ አይጠይቅህም ነበር። በዚያ ዘመን ፕሬዚዳንት ሲቀየር ፖስታ ቤት ማኅተም የሚመታው ሰውዬም አብሮ ይቀየር ነበር። ሥራ የሚገኘው በምርጫው ሰሞን ለማን እንደሮጥክ ታይቶ ነው። የተቀጠረውም ከደሞዙ ለፓርቲው ያዋጣል።

ቻርልስ ጊቶ የሚባል ሰው ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደው። «ለጄምስ ጋርፊልድ ቀስቅሻለሁ፣ የፓሪስ ቆንስላነት ይገባኛል» ብሎ ዋሽንግተን ደጅ ጠና። የሚሰማው ሲያጣ፣ በጁላይ 2 ቀን 1881 ባቡር ጣቢያ ውስጥ ፕሬዚዳንቱን በሽጉጥ መታቸው። ጋርፊልድ በሴፕቴምበር ሞቱ። በጃንዋሪ 1883 ተተኪያቸው ቼስተር አርተር የፔንድልተን ሕግን ፈረሙ፦ ከእንግዲህ የተወሰኑ ሥራዎች በፈተና ይገኛሉ፤ ለፓርቲ አላዋጣም ተብሎም ማንም አይባረርም። ሕጉ መጀመሪያ የነካው ከአሥር ሠራተኛ አንዱን ያህል ነበር። እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ እኔ ጋ ደረሰ።

እኔ ስሙን በማልጠራው አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ማመልከቻ የምመረምር ሠራተኛ ነኝ። ሰው ቅጽ ይሞላል፣ ማስረጃ ያያይዛል፤ እኔ ከደንቡ ጋር አመሳክሬ ይገባዋል ወይም አይገባውም እላለሁ። ደሞዜ «ጂኤስ» በሚባለው ሠንጠረዥ ነው፤ 15 ደረጃ አለው፣ እያንዳንዱ ደረጃ 10 እርከን። ሠንጠረዡን ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል። የአክስቴ ልጆች አይተውታል።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አባዬ «አለቃህ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቆጠርኩለት። የቅርብ አለቃዬ እንደኔው ተወዳድራ የገባች ናት፤ የሷም አለቃ እንዲሁ። ወደ ላይ ስትወጣ ስትወጣ ነው ከፕሬዚዳንቱ ጋር የሚመጡትን ተሿሚዎች የምታገኘው። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሲቪል ሠራተኛ ባለበት መንግሥት እነሱ 4,000 ገደማ ናቸው፤ ከነሱም ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ያለ ሴኔት ይሁንታ አይሾሙም። በጀቱን የሚሰጠው ግን ኮንግረስ ነው። የከለከልኩት ሰው ይግባኝ ይላል፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ይሄዳል። ኢንስፔክተር ጄኔራል የሚባል መርማሪ እዚያው ውስጣችን አለ። በ1966 በወጣው ሕግ ደግሞ ማንም ሰው ተነስቶ ሰነዳችሁን አሳዩኝ ማለት ይችላል።

አባዬ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ታዲያ ለማን ነው የምታጎበድደው?» አለኝ።

ሳቅን። ግን ጥያቄው የምሩን ነበር። አባዬ የሚያውቀው ቢሮ አለቃው ሲነሳ ጸሐፊውም ሹፌሩም አብረው የሚነሱበት ቢሮ ነው፤ ጉዳይ ሊያስፈጽም የሄደም ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሰው አለህ ወይ?» ተብሎ ነው። የገባሁ ቀን እጄን አንስቼ የማልኩት ለሕገ መንግሥቱ እንጂ ለፕሬዚዳንቱ እንዳልሆነ ነገርኩት። «ወረቀት ነዋ» አለ።

ከዚያ ፌብሩወሪ 2025 መጣ። አዲስ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በሙከራ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ እሱን ማሰናበት ቀላል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያሉ ሠራተኞች በጅምላ ተሰናበቱ። አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ የደረሳት ኢሜይል የሥራ አፈጻጸምሽ በቂ አይደለም ይላል። የቅርብ አለቃችን ግን ከሳምንታት በፊት ሥራዋን አመስግና ጽፋላት ነበር። ኩባያዋንና ትንሿን ቁልቋሏን ይዛ ወጣች። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 20 የወጣ ትእዛዝ ደግሞ በፖሊሲ ላይ እጃቸው አለበት የሚባሉ ቋሚ ሠራተኞችን ከሥራ ዋስትናቸው ለማስወጣት በር ከፍቷል።

የትእዛዙ ደጋፊዎች የሚሉት ነገር ባዶ አይደለም። እኔን ማንም አልመረጠኝም። ሕዝብ የመረጠው ሰው ያዘዘውን ሠራተኛው በዝግታ እያንገዋለለ የሚያስቀር ከሆነ፣ ምርጫው ለምን አስፈለገ? እስማማለሁ። ደንቡን በአደባባይ ይቀይሩት፤ እኔም በአዲሱ ደንብ እሠራለሁ። ከዚህ በፊትም ደንብ ተቀይሮ ሠርቻለሁ።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ በወጣች በሳምንቱ አንድ ፋይል ከፈትኩ። ማስረጃው ሙሉ፣ ደንቡም ግልጽ ነው፤ ለሰውዬው ይገባዋል። ግን ላይ ያሉት እንዲህ ዓይነቱን ማጽደቅ አይወዱም የሚል ወሬ ቢሮ ውስጥ ይዞር ነበር። ማንም አላዘዘኝም። የተጻፈም ነገር የለም። ወሬ ብቻ ነው፣ ከጎኔም ባዶ ወንበር አለ። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቆመ፤ የቤት ኪራዬን አሰብኩ።

ደንቡ የሚለውን ጻፍኩ። አጸደቅኩት።

ሰውዬው ያቺን ደቂቃ መቼም አያውቃትም። ማወቅም አልነበረበትም፤ የሚገባውን ለማግኘት ደፋር ሰው እስኪደርሰው መጸለይ የለበትማ። ፔንድልተንን ያወጡት ሰዎች ሠራተኛው ሁሉ ጀግና ይሆናል ብለው አልጠበቁም። ሕጉ የተሠራው እንደኔ ኪራይ ላለበት፣ ትንሽም ለሚፈራ ሰው ነው፤ እየፈራም ቢሆን ሥራውን በትክክል መሥራት እንዲችል። ያ ጥበቃ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚጎዳው እኔ አይደለሁም። ቅጹን ሞልቶ፣ ማስረጃውን አያይዞ፣ ሰው ሳይኖረው የሚጠብቀው ነው።