ማን ፈቀደለት?

የአይፎን ሰዎች ዘመን መለወጫ ከእኛው ጋር ይገጥማል። ካሊፎርኒያ ያሉት የአፕል ሰዎች ስለ እንቁጣጣሽ የሰሙ አይመስለኝም። ያም ሆኖ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የዓመቱን ትልቁን አፕዴት በየዓመቱ የሚለቁት በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ነው። እዚህ አደይ አበባ ሲፈነዳ እዚያ ስልኩ ላይ ቀይ ቁጥር ብቅ ይላል። የአምናው ስሙ አይኦኤስ 18 ነበር። ዘንድሮ 19 ሲጠበቅ ዘለሉትና 26 አሉት፤ የሚመጣውን የፈረንጆች ዓመት ቁጥር መስጠታቸው ነው። እኛ በዚያው ሳምንት 2018 ብለን ጀምረናልና፣ የሚስማማን የጣሉት 18 ነበር። አንድ ዓመት ቢታገሱን ኖሮ ስልክና ቀን መቁጠሪያ ይታረቁልን ነበር።

ሰው ግን የተጣላው ከቁጥሩ ጋር አልነበረም። መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የወጣው አይኦኤስ 26 የለወጠው መልኩን ነው። ሊኩዊድ ግላስ ይሉታል። ቁልፉም፣ ማሳወቂያውም፣ የሰዓቱ አኃዝም ብርጭቆ መስሎ ከጀርባው ያለውን ያሳያል። ለዕይታ ያማረ ነው፤ ይህን አልክድም። ችግሩ ብርጭቆ ላይ የተጻፈ ነገር ከኋላው ካለው ጋር መደባለቁ ነው፤ የልጁን ፎቶ ከጀርባ ያደረገ አባት መልእክቱን የሚያነበው ከልጁ ጥርስ መሀል እየለቀመ ነው። ገና ሰኔ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ የተነሣው ጉምጉምታ መስከረም ላይ ጩኸት ሆነ። አንዱ ዓይኔ ደከመ አለ፣ አንዱ ባትሪዬን በላው፣ አንዱ ስልኬ ጋለ። በፍቅር የወደቁለትም ነበሩ፤ የወደደ ሰው ግን ብዙ ስለማይናገር ድምፃቸው አልተሰማም።

ይህን ጩኸት ከዚህ በፊትም ሰምተነዋል። መስከረም 2006 ዓ.ም. አይኦኤስ 7 ሲወጣ የሆነውን ያስታወሰ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከዚያ በፊት አይፎን ውስጥ ያለው ሁሉ የሚዳሰስ ዕቃ ይመስል ነበር። ማስታወሻው ባለመስመር ቢጫ ወረቀት ነው፤ መጽሐፍ የሚቀመጥበት የእንጨት መደርደሪያ ነው፤ የጨዋታው ገጽ እንደ ቁማር ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል። የአፕሉ ዲዛይነር ጆኒ አይቭ መጣና እንጨቱንም፣ ቆዳውንም፣ ጨርቁንም ገፎ ጣለው። የቀረው ጠፍጣፋ ቀለምና ቀጭን ፊደል ብቻ ሆነ። የሕፃን መጫወቻ አስመሰሉት ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ጭራሽ ራሳቸውን ያዞራቸውም ነበሩ፤ ለማጋነን ሳይሆን፣ አንድ ነገር በተከፈተ ቁጥር ወደ ፊት የሚወረወረው እንቅስቃሴ ከምር አቅለሸለሻቸው። ጥቅምት ላይ 7.0.3 ሲወጣ ያንን እንቅስቃሴ የሚያስቀር ማብሪያ ይዞ መጣ። ዘንድሮም ብርጭቆውን ደብዘዝ የሚያደርገው ምርጫ በ26.1 የመጣው ጥቅምት 24 ቀን ነው። መስከረም ላይ ተራግመን ጥቅምት ላይ ማብሪያ መቀበል ወግ ሆኗል ማለት ነው።

እንግዲህ ያኔ የተረገመው ጠፍጣፋ መልክ ዘንድሮ "መልሱልን" የተባለለት ነው። የጮኹት ሰዎች አንድ ናቸው አልልም፤ አንዳንዱ በ2006 ገና ዳዴ ይል ነበር። ኩባንያዎቹ ግን ከዚህ የሚያወጡት ትርጉም አለ፦ ሰው ለውጥ አይወድም፣ ትንሽ ይጮሃል፣ ከዚያ ይለምዳል። ይህ አባባል ለተናጋሪው በጣም ይመቸዋል፤ ማንኛውንም ቅሬታ ገና ሳይሰማ መልሶ ያስቀምጠዋልና። እኔም ለተወሰነ ጊዜ የተስማማሁበት ይመስለኛል፣ አከራዬ በሬን እስካንኳኩበት ጠዋት ድረስ።

አከራዬ ሰባን የተሻገሩ እናት ናቸው። በግቢያቸው ውስጥ ያለ እሳቸው ፈቃድ ሚስማር አይመታም። ይህን ውሉ ላይ አስጽፈው፣ ፊርማው ሳይደርቅ ደግሞ በቃል ነግረውኛል። መስታወት ልስቀል ብዬ ብጠይቃቸው "ገና አሁን ቀለም ያስቀባሁትን ግድግዳ!" ስላሉኝ መስታወቱን ወንበር ላይ አቁሜ ጎንበስ ብዬ ነው የምላጨው። ስልካቸውን የላከችላቸው ጅዳ ያለችው ልጃቸው ናት። ሠሪው ማን እንደሆነ አልናገርም። እማማ አማርኛ ያነባሉ፤ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ስልኩ ግን የተሞላው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚያውቁት በቦታና በቀለም ነው። ከታች በግራ በኩል ያለው አረንጓዴ ክብ መደወያ ነው። ከእሱ ከፍ ብላ የልጃቸው ፎቶ አለች፤ እሷን አንዴ ነካ ማድረግ ጅዳ መድረስ ነው። ቀዩን አትንኪ ተብለዋል፣ ቀዩን ነክተው አያውቁም። በዚህ ዕውቀት ብቻ ስንት ዓመት ተጠቅመውበታል፤ መነጽርም አላስፈለጋቸው።

ያን ዕለት ስልኩን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው መጡ። የልጅ ልጃቸው ከኋላቸው ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ከማለዳ ጀምሮ ሲመረመር እንደነበር ያስታውቃል።

"አንተ ልጅ፣ ይኼን ስልክ ማን ነካብኝ?"

ተቀብዬ አየሁት። ሌሊቱን ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሳለ ራሱን አፕዴት አድርጎ አድሯል። አረንጓዴው መደወያ ሰማያዊ ሆኗል። ክቡ ጠርዙ የለዘበ አራት ማዕዘን ሆኗል። የልጃቸው ፎቶ ከቦታዋ የለችም፤ እሷ በነበረችበት ላይ ፀሐይና ደመና ተቀምጦ የአየሩን ሁኔታ ይናገራል።

"ማንም አልነካውም እማማ። ራሱ ነው የታደሰው።"

"ራሱ?"

"ማለቴ፣ የሠራው ኩባንያ ነው ያደሰው። በኢንተርኔት።"

"ሌሊት መጥቶ?"

"አልመጣም። እዚያው አገሩ ሆኖ ነው።"

ጥቂት አሰቡ። "ማን ፈቀደለት?" አሉ።

የልጅ ልጃቸው "አላልኩሽም!" ብሎ እየሮጠ ወጣ። እኔ ግን መልሱን ለመናገር አልደፈርኩም። የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው። ስልኩ መጀመሪያ ሲከፈት አንድ ረጅም ጽሑፍ ይመጣል፣ ከሥሩ "እስማማለሁ" የሚል ቁልፍ አለ፣ ያንን ቁልፍ አንድ ሰው ስለ እሳቸው ተጭኖታል። ጽሑፉን እኔም አንብቤው አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ጠዋት በኋላ ግን የአንዱን ኩባንያ ፈልጌ አየሁ። የአፕል ውል ከመነሻው ሶፍትዌሩ በፈቃድ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ እንዳልሆነ ይናገራል። ሰው መደብር ገብቶ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚገዛው ብረቱን፣ መስታወቱንና ባትሪውን ነው። የሚያነጋግረው፣ የሚጠራው፣ የልጁን ፎቶ የሚያሳየው የውስጡ ነገር ኪራይ ነው። አከራዩ ቁልፍ አለው፤ ሌሊት ገብቶ ግድግዳ ቢቀባ ውሉ ይፈቅድለታል። እውነቱን ለመናገር፣ የእኔ አከራይ በሌላ ሰው ቤት ተከራይ መሆናቸውን ሳውቅ ትንሽ ደስ ብሎኛል። የመስታወቱ ነገር ነው።

ፎቶዋን ፈልጌ ወደ ቦታዋ መለስኳት። አየሩንም አነሣሁት። አረንጓዴውን ግን መመለስ አልቻልኩም። እስካሁንም ስልክ ሊደውሉ ሲሉ አውራ ጣታቸው ሰማያዊው ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፣ የማያምኑት ቀለሙን ነው። ያ ጣት ከጭንቅላታቸው በላይ የሚያውቅ ጣት ነበር። ማንበብ የሚችለው ወጣት አዲሱን መልክ በአንድ ከሰዓት ይፈታዋል፣ ከዚያም "ለመድኩት" ይላል። በቦታና በቀለም ለሚኖር ሰው ቦታና ቀለም ሲቀየር ማንበብን እንደገና መጀመር ነው፤ ያውም አስተማሪ በሌለበት። ሰው ለውጥ አይወድም የሚለው አባባል ይህችን ጣት አያውቃትም።

እኛ አገር ደግሞ ከዚህ የቀደመ ሌላ ጥርጣሬ አለ። ሞባይል ጠጋኞቹ ጋ ቆሞ የሰማ ሰው ያውቀዋል፦ "አፕዴት አታድርገው፣ ስልክህን ያደክመዋል።" ለረጅም ጊዜ ይህን የማያውቅ ሰው ወሬ አድርገው ይሥቁበት ነበር። ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ግን አፕል ባትሪያቸው ያረጀባቸውን አንዳንድ አይፎኖች በአፕዴት በኩል ሲያዘገያቸው እንደነበር አመነ። ምክንያቱ የሚያስኬድ ነው፤ ያረጀ ባትሪ ኃይል በአንዴ ሲጠየቅ ስልኩ ድንገት ጥፍት ይላልና ፍጥነቱን መቀነስ ከመጥፋት ያድናል። ይቅርታ ጠየቁ፣ 79 ዶላር የነበረውን የባትሪ መቀየሪያ ወደ 29 አወረዱት፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለቀረበባቸው ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ሰውን ያስቆጣው ማዘግየቱ ብቻ አልነበረም። ባትሪ ቢቀይር ስልኩ እንደሚነቃ ሳያውቅ አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ነበረ፤ ቢነግሩት ኖሮ ገንዘቡ ኪሱ ይቀር ነበር። የእማማ ጥያቄ እዚህም ይሠራል።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ተንኮል ሳይሆን ጥድፊያ ነው። መስከረም 2007 ዓ.ም. የወጣው 8.0.1 አዲሶቹን አይፎን 6ዎች ኔትወርክ አሳጥቷቸው በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ተነሥቷል። ስልክ መደወል የማይችል ስልክ! ከዚያ ወዲህ "ሳምንት ልይና" የሚሉ ሰዎችን ፈሪ ናቸው አልልም። እኛ ዘንድ መዘግየት ሌላም ምክንያት አለው፤ ትልቁ አፕዴት ጊጋባይት ይቆጥራል፣ ፓኬጅ ደግሞ በብር ነው። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ቢሮ ውስጥ ሶኬቱ ሁሉ ስልክ ይዞ ዋይፋዩ ሲያቃስት፣ አለቃችን ስለ ኔትወርኩ ደካማነት ያማርራል። የእሱም ስልክ ከተሰኩት መሀል ነው።

ይህን ሁሉ ስል ግን አንድ ነገር ምላሴን ይይዘኛል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መዝገቡ ውስጥ መግባት ሌላ፣ ስልክ ላይ መታየት ሌላ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በአማርኛ የተላከ መልእክት ብዙ ስልክ ላይ የባዶ ሣጥን ሰልፍ ሆኖ ይደርስ ነበር። ሐዘንም ደስታም ሣጥን ነው። ሣጥን የሰለቸው ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል፣ "ጸ" እና "ጠ" የት እንደሚገቡ እየጨነቀው። ከዚያ በአንዱ አፕዴት ፊደሉ መጣ። ለዚያ ማንም ፈቃድ አልተጠየቀም፣ ማንም ግን ማን ፈቀደለት አላለም። እኔም አላልኩም፤ እናቴ የላከችልኝን ምርቃት በፊደሉ ሳነበው ውሉን ጨርሼ ረስቼው ነበር።

አፕዴት የሚያመጣው መቆለፊያም አለ። መስከረም 3 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው አይኦኤስ 14.8 የደፈነው ቀዳዳ፣ ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ስልክ ውስጥ የሚገባበት ነበር። ያን የመሰለ ቀዳዳ ያለበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ "የግድግዳዬን ቀለም እወደዋለሁና አትንኩኝ" ማለት አያዋጣም። እኔ የምለው የበሩን ቁልፍ የሚቀይረው ሰው ግድግዳውንም በዚያው ሌሊት እንዳይቀባ ነው። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በዚያው መስከረም 2014 አይኦኤስ 15 ሲወጣ አፕል በ14 መቆየት የሚፈልግ መቆየት ይችላል፣ የደኅንነት ጥገናውን እንልክለታለን ብሎ ነበር። ጥር ላይ ያ በር ተዘጋ፤ ነገሩ ከመነሻውም ለጊዜው ነበር ተባለ። ዘንድሮም ብርጭቆው በወጣበት ዕለት፣ ለማይፈልገው 18.7 አብሮ ወጥቷል። እንደሚቻል ያውቁታል ማለት ነው። አለመፈለግ ነው፤ ምክንያቱም አሮጌውን መጠበቅ ወጪ ነው፣ መስከረም ላይ አዲስ ስልክ ለሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ አሮጌው ስልክ አዲስ መስሎ መታየቱ ራሱ ማስታወቂያ ነው።

ቅሬታ ዋጋ የለውም የሚሉትን አልቀበልም። ሁለቱም የጥቅምት ማብሪያዎች የመጡት ሰው ስለጮኸ ነው። ግን ማብሪያው የሚገኘው ገጽ በገጽ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነው፤ ያገኘውም ሁሉ አይጠቀምበትም። ቢሮ ከጎኔ የሚቀመጠው ወዳጄ ስልኩ ሌላ ነው፣ አንድሮይድ፤ የሠሪው ስም ይቅር። አንድ አፕዴት ከታች የነበሩትን ሦስት ቁልፎች አጥፍቶ በጣት እየጠረጉ መሄድን አመጣበት። ወራት ሙሉ ሲራገም ሰማሁት፤ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ይወጣል፣ ልውጣ ሲል ሌላ ነገር ይከፈትበታል። በቀደም ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሦስቱን ቁልፎች የሚመልሰውን ምርጫ አገኘሁለትና፣ በል ንካው ብዬ ስልኩን ዘረጋሁለት። አየው፣ አየኝ፣ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተው።

"ተወው ባክህ፣ አሁን ደግሞ ማን ይለምደዋል!"